ህይወት ይቀይራል የተባለው የ450 ብር ደብተር

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ደብተሩ ይገዛል። ደብተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ግን አይረባም። ሁለቱ አንድ ላይ ስለተጠረዙ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

የማወራው ሰሞኑን በየመጽሐፍ መደብሩ መስታወት ላይ ተደርድረው ስለምናያቸው የልማድ መከታተያ ደብተሮች ነው። ታውቋቸዋላችሁ። ጠንካራ ሽፋን፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ "በ21 ቀን አዲስ ሰው" ምናምን የሚሉት። የኔን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ አንድ መደብር በ450 ብር ገዛሁት። የአሳታሚውን ስም አልጠራም። ወጣቶች ናቸው፣ እንደለፉበት ያስታውቃል፣ የማነሳቸው ችግሮችም አብዛኞቹ አጠገቡ ተደርድረው በነበሩት ላይም አሉ፤ ቆሜ ገልጬ አይቻለሁ። ሻጩ "እህቴ፣ ይሄ እኮ ህይወት ይቀይራል" አለኝ። "ዋጋውስ አይቀየርም?" ስለው ሳቀና "እሱ እንኳን የተቆረጠ ነው" አለ። በቴሌብር ከፍዬ ወጣሁ።

ስለ ዕቃው ልጀምር። መጠኑ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ወፈር ያለ ነው፤ በእስክርቢቶ ሲጻፍበት ወደ ጀርባ አያሳይም፣ በማርከር ግን ያሳልፋል። ሽፋኑ ሻይ ቢፈስበት በጨርቅ ይጠረጋል፣ ሞክሬዋለሁ፣ ማለቴ ፈሶበታል። ስፒራሉ ግን ጉድ ነው። የሽቦው ጫፍ በደንብ ወደ ውስጥ አልታጠፈም። ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ የያዝኩትን ነጠላ ጥለቱ ላይ ይዞ ክሩን መዘዘው፤ እናቴ ያንን ነጠላ ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፍም። አሁን ጫፉን በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። መዝጊያው ላስቲክም ቶሎ ረግቧል።

ወደ ውስጥ እንግባ። ገጽ አንድ ላይ በትልቁ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላል። ጥሩ። ገጹን ስትገልጡት ደግሞ 12 ልማዶች ተዘርዝረው ሁሉንም ከነገ ጀምራችሁ ምልክት እንድታደርጉባቸው ይጠብቋችኋል። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ማራቶን ተመዘገበ። በማለዳ መነሳት፣ 2 ሊትር ውሃ፣ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ 10 ገጽ ማንበብ፣ ጂም፣ ስኳር መተው፣ ቋንቋ መማር፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ ገንዘብ መቆጠብ፣ ሌላም ሌላም። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም አለ። እሱ እኛ ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር ሁላችንም ሳንወድ የምናደርገው ነገር ነው፣ እስካሁን ማንም ሲቀየር አላየሁም።

ዝርዝሩ ራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ አንድ ላይ መምጣቱ ነው። 12 ነገር በአንድ ጠዋት የጀመረ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ አምስቱን ይረሳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ባዶ ሳጥኖቹ ዓይኑ ላይ ይደቀናሉ፣ ከዚያ ደብተሩን ማየት ራሱ ያስጠላዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ልጆች ስዕል ይስሉበታል። ቢሮ ውስጥ ስጠይቅ እንዲህ ያለ ደብተር ቤታቸው ያላቸው ሰዎች ብዛት ገርሞኛል። ሁሉም መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ተጨናንቆ የተሞላ፣ ከዚያ ነጭ።

እንግዲህ 450 ብሩን የሚያስከፍለው ነገር ከዝርዝሩ በኋላ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ልማድ የራሱ ገጽ አለው። የገጹ አናት ላይ አንዲት መስመር አለች፦ "ከ ________ በኋላ ________ አደርጋለሁ።" ከሥሯ የወሩ ሳጥኖች። በቃ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ብዙም ቦታ አልሰጧትም፣ ማብራሪያም የላትም፣ ግን መጽሐፉ ሁሉ እሷ ነች ማለት ይቻላል።

ለምን? ምክንያቱም "ከዛሬ ጀምሮ አነባለሁ" የሚለው ሰው መቼና የት እንደሚያነብ አልተናገረም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ይሄንኑ ነው ያሳየው። ግብ ያለው ሰውና "ይሄ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ብሎ የቆረጠ ሰው እኩል አይሄዱም፤ ሁለተኛው ይቀድማል። ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ ጊዜው ሲደርስ እንደገና ከራስ ጋር ክርክር የለም። ያ ክርክር ነው የሚያደክመን። "ላድርገው ወይስ ነገ?" ስንል ነገ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ባዶውን ቦታ በምን መሙላት እንዳለብን ግን ደብተሩ የሚሰጠው ምሳሌ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ከጠዋት ስሙዚዬ በኋላ" ይላል። ስሙዚ! የኛ ቀን የራሱ ካስማዎች አሉት እኮ። እሁድ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ከአቦል በኋላ፣ ከቶና በኋላ። በሥራ ቀን ከረፋዱ ማኪያቶ በኋላ። ታክሲ ውስጥ ቦታ ይዤ ከተቀመጥኩ በኋላ። ጫማዬን በር ላይ ካወለቅኩ በኋላ። እነዚህ ማንም ሳያስታውሰን በየቀኑ የሚሆኑ ነገሮች ናቸው፤ አዲሱ ልማድ እነሱ ላይ ነው መታሰር ያለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሙስሊም ናት። ይሄንኑ ደብተር ከኔ አይታ ገዛችና መስመሯን "ከሱብሂ በኋላ ሩብ ሰዓት እንግሊዝኛ" ብላ ሞላች። እኔ ገና ከማንቂያ ደወል ጋር ስታገል እሷ ወሩን ሙሉ አንድም ቀን አላዛነፈችም። ስትናገር "እኔ ምን ጀመርኩ? ሱብሂ ድሮም ነበር፣ እንግሊዝኛውን ብቻ ነው ከኋላ ያስከተልኩት" አለችኝ። አምስት የሶላት ሰዓት ያለው ሰው አምስት ማሰሪያ አለው። ጠዋት ኪዳን የሚያደርስም እንዲሁ። ይሄን የሚያህል ሀብት ይዘን ስሙዚ ፍለጋ መሄዳችን ይገርማል።

አሁን ወደ 21 ቀኑ። ሽፋኑ ላይ ያለው ትልቁ ቃል ይሄ ነው፣ ትልቁ ውሸትም ይሄው ነው። ከየት መጣ ብላችሁ ብትከተሉት አሜሪካ ትደርሳላችሁ። ማክስዌል ማልትዝ የሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በጻፈው ላይ፣ ፊታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን አካባቢ እንደሚወስድባቸው መታዘቡን ተናገረ። ትዝብት ነው፣ ጥናት አይደለም። ስለ መልክ ነው፣ በማለዳ ስለመሮጥ አይደለም። በዚያ ላይ "ቢያንስ" ብሏል። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ "ቢያንስ" ወደቀችና 21 ቀን ብቻዋን ቀረች።

በትክክል የተለካውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ያኔ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪ የነበረችው ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ሠርተውታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ፣ ልብ በሉ አንድ፣ ልማድ መረጡ፤ የሚበላ፣ የሚጠጣ ወይም እንቅስቃሴ። እሱን በየቀኑ ከሚሆን ነገር ጋር አሰሩትና ለ12 ሳምንት ተከታተሉት። ነገሩ ሳያስቡት መደረግ እስኪጀምር በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። መቼም ጥናቱ 254 ቀን አልቆየም፣ የረጅሞቹ ቁጥር ከአካሄዳቸው ተነስቶ የተሰላ ነው። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ደግሞ ሁላችንንም የሚያጽናና ነገር አለው፦ አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አያበላሸውም።

ይሄን ያወቀ ሰው ደብተሩ 22ኛው ቀን ላይ ያተመውን "እንኳን ደስ አለህ፣ አሁን አዲስ ሰው ነህ" የሚል ገጽ ሲያይ ይስቃል። ያላወቀው ግን ያዝናል። "እኔ ጋ ለምን አልሠራም?" ይላል። ስንፍና ይመስለዋል። ስንት ሰው በዚህች ቁጥር ምክንያት ሊይዝለት ሲል ተወው ይሆን እላለሁ። (ሴት አንባቢም እንዳለች ረስተው ሁሉንም "አንተ" ማለታቸውን በዚሁ አንሱልኝ።)

አሁን ትንሽ እንሳቅ። ደብተሩ ከውጭ ተወስዶ እንደተተረጎመ የሚያሳብቅበት ቦታ የቀን ፕሮግራሙ ነው። በግራ በኩል ሰዓት ተደርድሯል፣ ከ5:00 ይጀምርና 22:00 ላይ ያልቃል። የመጀመሪያው መስመር "5:00፦ ተነስ" ይላል። በኛ ሰዓት አምስት ሰዓት ላይ መነሳት ከሆነማ እኔም የለውጥ አሰልጣኝ መሆን እችላለሁ፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ የቢሮ ሰው ሁለተኛ ሻዩን ጠጥቶ። ሊሉ የፈለጉት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። 22:00 ደግሞ ማን ነው? ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ምን ገዷቸው ነበር?

የቀን መቁጠሪያው ይባስ። ወሮቹ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያሉ በኛ ስም ተጽፈዋል፣ ደስ ይላል። ሳጥኖቹ ግን 31 ናቸው። የኛ ወር 30 ቀን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ላይ መቼም የማትሞላ አንዲት ሳጥን አለች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከታች "የተሞላውን ለ31 አካፍል" የሚል የውጤት ቀመር አለ፤ ማለትም ወሩን ሙሉ ሳታጎድሉ ብትውሉ ብታድሩ የምታገኙት 97 በመቶ ነው። መቶ ማግኘት ክልክል ነው። ጳጉሜ ደግሞ ጭራሽ የለችም። እስቲ አስቡት፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን ቁጭ ብለን የምናይባቸው፣ የትኛው ልማድ ይቀጥል የትኛው ይውጣ የምንልባቸው አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ቀኖች በተፈጥሮ ተሰጥተውናል፤ እነሱን ነው የጣሉት።

ጾምም የለም። የምግብ ገጹ "ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል" ይላል፣ ሳጥኑ በየቀኑ ይጠብቃል። ረቡዕና አርብስ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ 55 ባዶ ሳጥን ልናይ ነው? እኔ የጾም ቀን ሳጥኖቹን በሰያፍ መስመር አሰምራቸዋለሁ፤ ያለፈ ሳይሆን የማይመለከት ማለት ነው። ረመዳን የሚጾም ሰውም እንዲሁ ቢያደርግ። በውጤቱ ውስጥ አይቆጠርም። ይሄን አንድ መስመር ማብራሪያ ቢጨምሩበት ኖሮ ስንቱን ሰው ከመሸማቀቅ ባዳኑት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኮድ አለ፣ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ያስገባል። የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው፣ ከዚያ በየወሩ 200 ብር። ይሄኛው በቀጥታ ገንዘብ ማባከን ነው። ሊነጋጋ ሲል የ"ኮቹ" የድምፅ መልእክት ይመጣል፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ፣ ከበስተጀርባው የፒያኖ ሙዚቃ። ከዚያ አባላቱ "አድርጌያለሁ" የሚል ምልክት ያዘንባሉ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ስለሆነ ማንም ማንን አያውቅም። ከመተኛታቸው በፊት "ተነስቻለሁ" ብለው የሚልኩ እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳምንት ሳይቆይ የፎሬክስ ማስታወቂያ ገባበት፣ ቀጥሎ የክብደት መቀነሻ ሻይ። ሁለተኛውን ወር ብከፍልም ግሩፑ ውስጥ አላስገቡኝም። ደረሰኙን ለአስተዳዳሪው ላክሁለት፣ አነበበው፣ ሁለቱ የመነበብ ምልክቶች ይታያሉ፣ መልስ የለም። ስለ ቃል መጠበቅ በየማለዳው የሚያስተምር ሰው ነው።

ከሱ ይልቅ የሠራው ቢሮ ውስጥ ያቋቋምነው ነገር ነው። አምስት ነን። ሐሳቡ ከእቁብ ነው የተወሰደው። እቁብ ለምንድነው የማይዘለለው? ባንክ ያለህን ቁጠባ ብትዘል ማንም አያውቅም። እቁብ ላይ ግን ዳኛው ይጠብቅሃል፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ይጠብቅሃል፣ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። እኛም እያንዳንዳችን አንድ ልማድ ብቻ አስመዘገብን፣ አንዷን ዳኛ አደረግናት፣ ያጎደለ 20 ብር ኩባያ ውስጥ ይጥላል። በየሳምንቱ አርብ የተጠራቀመው ለሽሮ ይሆናል። ሰው በ20 ብር አይደነግጥም። ዳኛዋ ምሳ ላይ ሁሉ እየሰማ "አንተ፣ የትናንቱ እንዴት ሆነ?" ስትል ነው የሚደነግጠው። የበር ጥበቃችን ጋሼ ደብተሩን አንድ ቀን ተቀብለው አገላበጡና "ውሃ መጠጣትም ይጻፋል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ይጻፋል ጋሼ። "እኔ እንኳ ሲጠማኝ ነው የምጠጣው" ብለው መለሱልኝ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ግን ይሄን ነው፦ አንድ በአንድ ከሆነ መቼ ነው ሁለተኛው የሚጨመረው? ደብተሩ በየ21 ቀኑ ይላል። እኔ በቀን አልቆጥረውም። የምጠቀምበት ፈተና አንድ ነው። ልማዱን ሳደርገው "ዛሬ ማድረግ አለብኝ" ብዬ አስባለሁ ወይስ አድርጌው ካበቃሁ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ? የመጀመሪያው ከሆነ ገና ነው፣ አዲስ አልጨምርም። ሁለተኛው ከሆነ ደብተሩ ላይ መሙላቱንም እተወዋለሁ። ውሃዬን ከተውኳት ቆይቷል። ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን እንዳስቀመጥኩ ብርጭቆዋን እሞላለሁ፣ ሳጥን አያስፈልጋትም። በዚህ ላይ ደብተሩ አይስማማኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ሙላ ይላል። ጥርሱን መፋቁን የሚመዘግብ ሰው አለ እንዴ?

ደግሞ ልማዶቹ ዝም ብለው አይደራረቡም፣ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። የኔን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ደብተሩ የማይነግራችሁ ይሄን ነው። ቤቴ አራት ኪሎ ነው፣ ሥራዬ ለገሃር። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ከውሃው ቀጥሎ የያዝኩት በእግር መሄድን ነው። ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁለት ነው፤ ፓርላማውን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ሒልተንን፣ ኢሲኤን እያለፉ እስጢፋኖስ ጋ ደርሶ ተሳልሞ በስታዲየም በኩል ለገሃር። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ የእግረኛው ቦታ ሰፊ ነው፣ ጉድጓድ እያዩ መዝለል የለም። አንድ ሰዓት ላይ ከወጣሁ ሳልሮጥ እደርሳለሁ። ስለዚህ መስመሬ "ቁርስ ከበላሁ በኋላ ስኒከሬን አደርጋለሁ" ነበር። እሄዳለሁ እንኳ አላልኩም፣ ጫማውን ማድረግ ብቻ። ጫማውን አድርጎ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም የለም።

እንግዲህ አንድ ሰዓት ላይ ለመውጣት 12 ሰዓት መነሳት አለብኝ። 12 ሰዓት ለመነሳት ማታ 4 ሰዓት መተኛት አለብኝ። ማታ 4 ሰዓት እንዳልተኛ የሚያደርገኝ ደግሞ ስልኬ ነው፣ ቲክቶክ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ይሄው እግሬ ነው ስልኬን ከመኝታ ቤት ያስወጣው። "ስልክ ቀንስ" የሚለውን ልማድ ለብቻው ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ዝርዝሩ ላይ ቁጥር 11 ነው። በእግር መሄድ ሲያስፈልገው ግን ራሱ መጣ። ስልኩ ሳሎን ሲያድር አልጋ ላይ የሚያዝ ነገር ጠፋ፣ ስለዚህ መጽሐፍ ገባ። 10 ገጽ አላልኩም፤ ትራሱ ላይ የተቀመጠውን መክፈት ብቻ። አንዳንድ ቀን ሁለት ገጽ ነው፣ አንዳንዴ እስኪመሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ አለልኝ፣ መግቢያው በነጻ ነው፤ ቤት ውስጥ ዓይኔ የሚከደንበት መጽሐፍ እዚያ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ ሳይ ያልቅልኛል።

የታክሲ ብሩ መቅረቱን ያየሁትም በእግር ስሄድ ነው፣ ወጪ መመዝገብ የጀመርኩት ከዚያ ነው። ማታ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ የቀኑን ወጪ እጽፋለሁ። አብዛኛው በቴሌብር ስለሆነ መልእክቶቹን እያዩ መገልበጥ ነው። አንድ ወር ስደምረው ማኪያቶና ኬክ ምን ያህል እንደሚበሉ አየሁ፤ ቁጥሩን አልናገርም። ኬኩ ቀርቷል። ማኪያቶው አይነካም።

ጂም የሚለውን ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ። መስቀል አደባባይ በ2013 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህም ማለዳ ሰው ደረጃውን እየወጣ እየወረደ ይሠራል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ፦ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ደረጃውን በመጀመሪያው ቀን በሩጫ ከጀመራችሁት ትንፋሻችሁ ይከዳችኋል፣ ከዚያ ስፖርት አልፈጠረብኝም ትላላችሁ። በእርምጃ ጀምሩት።

ከስልክ መተግበሪያዎቹ ጋር ላወዳድረው። ሁለት ሞክሬያለሁ። በነጻ የሚፈቅዱት ጥቂት ልማድ ነው፣ ሙሉውን ለማግኘት በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ያ ደግሞ ለአብዛኞቻችን ካርድ የማይታሰብ ነው። ማስታወሻው ሲጮህ ታጠፉታላችሁ፣ ቀስ በቀስ ጆሯችሁ አይሰማውም። ከሁሉም በላይ ልማዱን ለመመዝገብ ስልክ ስትከፍቱ መልእክት ታያላችሁ፣ መልእክት ስታዩ ቪዲዮ፣ ከዚያ ለምን እንደከፈታችሁት ይጠፋችኋል። ወረቀት ቻርጅ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ይሞላል። በዚህ ደብተሩ በሰፊው ይበልጣል።

ባለ 50 ሉክ ደብተርስ? አዎ፣ ይሠራል፣ ማንም አስምሮ 30 ሳጥን መሥራት ይችላል፣ ዋጋውም የዚህኛው ሩብ አይደርስም። የዚህ ጥቅሙ ሽፋኑ ጠንካራ መሆኑና መስመሯ ተጽፋ መጠበቋ ነው። እኔ በ450 ብር አልተቆጨሁም። 200 ብሩን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ለማን ይሆናል? በአንድ ጊዜ አንድ ልማድ ብቻ ለመያዝ ለቆረጠና እጁ ወረቀት ለሚወድ። ተማሪ ከሆናችሁ 450 ብር አታውጡ፣ የትምህርት ደብተራችሁ የኋላ ገጽ ይበቃል። ሱስ ለማቆም፣ ወይም ከባድ የእንቅልፍና የጭንቀት ችግር ላለበት ሰው ይሄ ደብተር መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው፣ ሽፋኑ ላይ ምንም ቢጻፍ።

ከገዛችሁት፦ 12ቱ ልማዶች ያሉበትን ገጽ በስቴፕለር ዝጉት። 31ኛዋን ሳጥን ጥቁር ቀቧት። የቀን ፕሮግራሙ ላይ ሰዓቶቹን ሰርዛችሁ በኛ ሰዓት ጻፉ። መደብሩ ውስጥ ሳላችሁ ደግሞ ስፒራሉን በጣት ዳስሱት፣ ጫፉ የታጠፈውን ምረጡ፣ መካከል ላይ ገጾች ተደግመው የታተሙበትም ስላለ ሳትከፍሉ በፊት አገላብጡት። ሻጩ ቢያጉረመርምም አገላብጡ።